ገቢ ያልሆነ ገቢ፣ ወጪ ያልሆነ ወጪ

ባለቤቴ ለልጆቻችን ትምህርት ቤት በሦስት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደከፈልን ማወቅ ፈልጋ አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ከፈተች። የቤታችንን ሂሳብ በፕሮግራም የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ብቻዋን ከፍታው አታውቅም ነበር። ሪፖርቱን ስትጠይቀው እንደ ድፎ ዳቦ የተቆራረጠ ክብ ሥዕል ወጣላት። ትልቁ ቁራጭ የቤት ኪራይ አልነበረም፤ አስቤዛም አልነበረም። «ልዩ ልዩ» ይላል፤ 39 ሺህ ብር።

ምንም አላለችኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ዝም አለ፤ እኔም ሞኙ የሥራ ድካም መስሎኝ አለፍኩት። በመጨረሻ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ «ለማን እንደምትልክ ብቻ ንገረኝ። ለእናትህ ከሆነ እኮ አልከለክልህም» አለችኝ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ስድስት ዓመት አብረን ኖረን እንዴት እንዲህ ታስበኛለች? አልኩ በልቤ። ነገር ግን ኮምፒውተሩን ይዘን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን መስመር በመስመር ስናየው፣ ጥፋቱ የእሷ ጥርጣሬ ሳይሆን የእኔ አመዘጋገብ ሆኖ ተገኘ። በየወሩ ከደመወዜ ሂሳብ 8,000 ብር በሌላ ባንክ ወዳለው የጋራ ቁጠባችን እልካለሁ። 3,000 ብር ወደ ቴሌብር አስገባለሁ። 2,000 ብር እቁብ እጥላለሁ። በወር 13 ሺህ፣ በሦስት ወር 39 ሺህ። ፕሮግራሙ «ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት ስላጣሁ ሁሉንም «ልዩ ልዩ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። አንዲት ሳንቲም አልጠፋችም፤ ገንዘቡ ከቤታችን እንኳ አልወጣም። መዝገቡ ግን ወጥቷል ብሎ መሰከረብኝ።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ በባለቤቴ ፈቃድ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የቤታችሁን ገቢና ወጪ በስልክ ወይም በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምራችኋል፤ መልካም ነው። ታዲያ ከአንዱ ሂሳባችሁ ወደ ሌላው ሂሳባችሁ ያዛወራችሁትን ገንዘብ እንዴት ነው የምትመዘግቡት? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህች ላይ ነው።

ቃሉ ራሱ ያሳስተናል

እስቲ ከባንክ የሚላክላችሁን የስልክ መልእክት አስቡት። ገንዘብ ሲገባ «ገቢ ሆኗል» ይላችኋል፤ ሲወጣ «ወጪ ሆኗል» ይላችኋል። ባንኩ አልዋሸም። እሱ የሚናገረው ስለዚያች አንዲት ሂሳብ ብቻ ነው፤ ከእሷ ወጣ፣ ወደ እሷ ገባ። እኛ ደግሞ ደመወዝንም «ገቢ»፣ ቤት ኪራይንም «ወጪ» እንላለን። በአማርኛችን ሁለቱ በአንድ ቃል ስለሚጠሩ፣ የባንኩን «ገቢ» የቤታችን ገቢ፣ የባንኩን «ወጪ» የቤታችን ወጪ አድርገን እንመዘግባለን።

ነገር ግን ከቀኝ ኪሱ አውጥቶ ግራ ኪሱ የከተተ ሰው አልከበረም፤ አልደኸየምም። የቤተሰብ ገቢ ማለት ከውጭ ወደ ቤታችሁ የመጣ ነው፦ ደመወዝ፣ የንግድ ትርፍ፣ የቁጠባ ወለድ፣ ስጦታ። ወጪ ማለት ከቤታችሁ ወጥቶ የሌላ ሰው የሆነ ነው። በራሳችሁ ሂሳቦች መካከል የሚሄደው ሦስተኛ ነገር ነው፤ ስሙም ዝውውር ይባላል። በፕሮግራሞቹ ላይ «ትራንስፈር» ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ቁጥሩ ልክ ሲመስል

ከዚያች ማታ በኋላ ነገሩ የተስተካከለ መስሎን ነበር። የቁጠባ ሂሳባችንንም በፕሮግራሙ ውስጥ ከፈትን፤ ሥራም ተከፋፈልን። እኔ ከደመወዝ ሂሳቤ የወጣውን 8,000 «ወጪ፦ ቁጠባ» ብዬ እጽፋለሁ። እሷ ደግሞ ለቁጠባው ሂሳብ የሚመጣው መልእክት በእሷ ስልክ ስለሚገባ፣ ያንኑ 8,000 «ገቢ» ብላ ትጽፋለች። ሁለታችንም ታማኝ ነበርን። ይህኛው ስህተት ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ጭራሽ አይታይም።

ቁጥሩን ተመልከቱት። ለምሳሌ እንዲቀል ቴሌብሩንና እቁቡን እንተዋቸው። የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ 38,500 ብር ነው። በእርግጥ ያወጣነው 27,300 ነበር። ሪፖርቱ ግን ገቢያችሁ 46,500፣ ወጪያችሁ 35,300 ይላል። ቀሪውስ? 11,200። በትክክለኛውም ቁጥር ብትቀንሱት ያው 11,200 ነው! ሁለቱም ወገን በ8,000 ስላበጠ ልዩነቱ አልተነካም። የባንኩም ቀሪ ሂሳብ ከፕሮግራሙ ጋር ልክክ ይላል። እንግዲህ ምን ብሎ ሰው ይጠረጥራል?

ጉዳቱ የመጣው በሌላ በር ነው። አሥራት የምናወጣው የወሩን ጠቅላላ ገቢ ከሪፖርቱ አይተን ነበር። የ46,500 አሥራት 4,650 ነው፤ የ38,500 ግን 3,850። በየወሩ 800 ብር ልዩነት አለ። አብዝቶ መስጠት ምን ክፋት አለው የሚል ይኖር ይሆናል። ምንም ክፋት የለውም፤ አስቦና ወዶ የጨመረ እሰየው። እኛ ግን አስበን አልጨመርንም፤ ያላገኘነውን ገንዘብ ነው የቆጠርነው። በዚያው ወር ደግሞ የወጪውን ዓምድ ብቻ አይተን ደነገጥን፤ «35 ሺህ በላን!» ተባባልንና የልጃችንን አስጠኚ ለሁለት ወር አቆምነው። ልጁ በሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ የቀረው በወላጆቹ ሂሳብ ስህተት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጻፉት

ትክክለኛው አመዘጋገብ ከስህተቱ ይልቅ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ገንዘባችሁ ያለበት ቦታ ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ሂሳብ ይከፈትለት፦ የደመወዙ ባንክ፣ የቁጠባው ባንክ፣ የስልክ ገንዘቡ፣ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብም ጭምር። የእኔ የመጀመሪያ ጥፋት ይህ ነበር፤ ያለኝን አንድ ሂሳብ ብቻ ከፍቼ፣ ዝውውሩ የሚያርፍበት ቦታ አሳጣሁት። ሂሳብ ስትከፍቱ በዚያን ዕለት ያለውን ገንዘብ እንደ መነሻ አስገቡ እንጂ እንደ ገቢ አትመዝግቡት።

ከዚያ ገንዘብ ስታዛውሩ «ወጪ» ወይም «ገቢ» የሚለውን ትታችሁ «ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። የሚጠይቃችሁ ከየት፣ ወደ የት፣ ስንትና መቼ ነው። አንዴ ከጻፋችሁት ከአንዱ ሂሳብ ቀንሶ በሌላው ላይ የሚጨምረው ፕሮግራሙ ራሱ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ሂሳብ ገብታችሁ እንደገና አትጻፉ። በባልና ሚስት ዘንድ ደንቡ «የላከ ይመዝግብ፤ የተቀበለ አይቶ ዝም ይበል» ቢሆን ይበቃል። እኛ ቤት የሠራው ይህ ነው።

መልኩ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። በአሜሪካና በካናዳ የሚታወቀው ኩዊክን፣ የወጪ ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ ላይ የሌላውን ሂሳብ ስም በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቅንፉን ስታዩ ዝውውር መሆኑን ታውቃላችሁ። ያለ ክፍያ የሚገኘውና በዊንዶውስም በሊኑክስም የሚሠራው ግኑካሽ ደግሞ ጠበቅ ያለ ነው። ለእሱ ሁሉም ነገር ዝውውር ነው፤ ደመወዝ እንኳ «ደመወዝ» ከሚባል ሂሳብ ወደ ባንክ እንደተዛወረ ነው የሚቆጥረው። ወዴት እንደሄደ ካልነገራችሁት ዝም ብሎ አያልፋችሁም፤ «ኢምባላንስ» የሚል ሂሳብ በራሱ ከፍቶ እዚያ ያኖረዋል። እኔ ለግሌ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። እንደ እኔ «ልዩ ልዩ» ብሎ ለመሸፋፈን አይመችም።

ይህ አሠራር የኮምፒውተር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሉካ ፓቾሊ የተባለ ጣሊያናዊ የፍራንሲስካን መነኩሴ፣ የቬኒስ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን አመዘጋገብ እ.ኤ.አ. በ1494 በመጽሐፍ አሳተመው። ከአንዱ የወጣ በሌላው መግባቱ ይጻፍ፣ ሁለቱ ወገን እኩል ይሁን የሚለው ነው፤ የሂሳብ ሰዎች ዛሬም «ደብል ኤንትሪ» ይሉታል።

ፕሮግራም ስትመርጡ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ማይክሮሶፍት መኒ የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሽያጩ ቆመ፤ ሚንት የተባለውም በ2024 ተዘጋ። የጻፋችሁትን አውጥታችሁ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ የማያስችላችሁን አትመኑት።

የማን ኪስ ነው?

ባንኮች በስልክ የምንልከውን ሁሉ «ትራንስፈር» ይሉታል። ለቤት አከራያችሁ ስትልኩም ትራንስፈር ነው፤ ለእናታችሁ ስትልኩም፣ ወደ ራሳችሁ ቁጠባ ስትልኩም ትራንስፈር ነው። በቤታችሁ መዝገብ ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። ኪራዩ ወጪ ነው፤ ለእናት የተላከው ስጦታ ነው፣ እሱም ወጪ ነው፤ ዝውውር የሚባለው የመጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚህ የባንኩን ቃል ትታችሁ፣ «አሁን ገንዘቡ ያለው በማን ኪስ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በእኛው ኪስ ከሆነ ዝውውር ነው።

በዚህ ጥያቄ ብዙ ነገር ይፈታል። ከኤቲኤም 2,000 ብር ስታወጡ ወጪ አላወጣችሁም፤ ከባንክ ወደ ጥሬ ገንዘብ አዛወራችሁ እንጂ። ወጪው የሚጻፈው በገንዘቡ ሽንኩርት ሲገዛ፣ ታክሲ ሲከፈል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ተጨማሪ ኪስ አግኝተናል፤ ከባንክ ወደ ቴሌብር የሚሄደውም እንደዚሁ ነው። ኤቲኤሙንም ወጪ፣ ሽንኩርቱንም ወጪ ብሎ የሚመዘግብ ሰው አንዱን ብር ሁለት ጊዜ በላው ማለት ነው።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ይኸው ስህተት በክሬዲት ካርድ ይመጣል። በካርዱ ጫማ ሲገዛ ወጪው የዚያን ዕለት ተጽፏል። በወሩ መጨረሻ የካርዱ ዕዳ ከባንክ ሂሳብ ሲከፈል ዝውውር ነው፤ ድጋሚ ወጪ ከተባለ ጫማው ሁለት ጥንድ ሆነ። የባንክ ብድርም ይመሳሰላል፤ ከምትከፍሉት ውስጥ ወለዱ ወጪ ነው፣ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው ግን ዕዳን ማቅለል ስለሆነ ወደ ብድሩ ሂሳብ የሚሄድ ዝውውር ነው።

የእቁብ ነገር

እቁብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የውጭ አገር ፕሮግራሞች አያውቁትምና። እቁብ ስትጥሉ ገንዘቡ ከእጃችሁ ወጣ እንጂ የእናንተነቱ አልቀረም፤ ቀኑ ሲደርስ ይመለስላችኋል። ስለዚህ «እቁብ» የሚል ሂሳብ ክፈቱና የምትጥሉትን ሁሉ ወደ እሱ አዛውሩ።

12 ሰው በወር ሁለት ሁለት ሺህ የሚጥልበት እቁብ ይሁን፤ የሚወጣው 24,000 ነው። በሦስተኛው ወር ደረሳችሁ እንበል። እስከዚያ የጣላችሁት 6,000 ነው። የተቀበላችሁትን 24,000 ከእቁብ ሂሳብ ወደ ባንክ ስታዛውሩ፣ የእቁቡ ሂሳብ ከዜሮ በታች 18,000 ያሳያል። አትደንግጡ፤ እውነቱን ነው የነገራችሁ። 18,000 ብር የጓደኞቻችሁ ዕዳ አለባችሁ፤ በቀሩት ዘጠኝ ወራት ሁለት ሁለት ሺህ እየጣላችሁ ዜሮ ይገባል። «እቁብ ደረሰን፤ ገቢ ነው» ብሎ የመዘገበ ቤተሰብ ግን ያ 18,000 ብር የራሱ ይመስለዋል። ሶፋ ሲቀይር ታገኙታላችሁ።

ብሩ በመንገድ ላይ ሲቆይ

8,000 ስትልኩ ከሂሳባችሁ የሚቀነሰው አንዳንድ ጊዜ ከ8,000 ትንሽ ይበልጣል። የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ በእሱም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ይህችኛዋ እውነተኛ ወጪ ናት፤ ወደ ባንኩ ኪስ ገብታለችና። 8,000ውን ዝውውር፣ ክፍያዋን «የባንክ ክፍያ» ብላችሁ ለየብቻ ጻፉ። ትንሽ ናት ብላችሁ ብትተዉአት የፕሮግራሙና የባንኩ ቀሪ ሂሳብ በጥቂት ብር ይለያያል፤ ያችን ጥቂት ብር ፍለጋ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ታጠፋላችሁ። ደርሶብኛል።

አንዳንዱ ዝውውር ወዲያው ይደርሳል፤ አንዳንዱ የሥራ ቀን ይጠብቃል። ዓርብ የወጣ ሰኞ ሊገባ ይችላል፤ በዚህ መካከል ወሩ ቢቀየርስ? የተላከበትን ቀን ይዛችሁ አንድ ዝውውር ብቻ ጻፉ፤ የዘገየውን ከባንኩ መግለጫ ጋር ስታመሳክሩ ትለዩታላችሁ። የባንክ መግለጫ በፋይል ተቀብላችሁ ወደ ፕሮግራሙ የምታስገቡ ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የሁለቱም ባንክ ፋይል ሲገባ አንዱ ዝውውር በአንደኛው ወጥቶ፣ በሌላው ገብቶ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ቀኑም ስለሚለያይ ፕሮግራሙ አንድ መሆናቸውን ሁልጊዜ አያውቅም። አዋህዱ፤ ወይም አንዱን ሰርዙ።

ከባልና ሚስት አንዱ በውጭ አገር የሚሠራ ከሆነስ? ባለቤታችሁ ዱባይ ሆና ደመወዟን ስትቀበል፣ የቤታችሁ ገቢ ያ ደመወዝ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የምትልከው ዝውውር ነው። ይህ የሚሆነው ግን የእሷም ሂሳብ በአንዱ የቤት መዝገብ ውስጥ ካለ ነው። ከሌለ፣ የሚመጣውን ገቢ ከማለት በስተቀር አማራጭ የለም። በሁለት ዓይነት ገንዘብ ሲሆን የላካችሁትንም የደረሰውንም መጠን ጻፉ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በአምናው ምንዛሪ ማስላት አያስኬድም።

አንዳንድ ባለትዳሮች የየራሳችንን መዝገብ እንይዛለን ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ ግን ባል ለሚስቱ የሰጠው የአስቤዛ ብር በእሱ መዝገብ ወጪ፣ በእሷ መዝገብ ገቢ ይሆናል፤ ቤታችን በእርግጥ ስንት አገኘ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ አይገኝም። የእኔ ምርጫ አንድ መዝገብ ነው። የባንክ ሂሳቡ በባል ስምም ይሁን በሚስት ስም፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ላይ ይታይ።

ዝውውሩን በትክክል መመዝገባችሁን ማረጋገጥ ስትፈልጉ፣ ከመጻፋችሁ በፊት የሁሉንም ሂሳብ ድምር እዩ፤ ከጻፋችሁም በኋላ እዩ። ከባንኩ ክፍያ በስተቀር ድምሩ መነቃነቅ የለበትም። ቀጥሎ የወሩን የገቢና የወጪ ሪፖርት ክፈቱ፤ ያዛወራችሁት ብር በሁለቱም ውስጥ መታየት የለበትም። አንዳንድ ፕሮግራሞች ዝውውርን በሪፖርት ውስጥ አስገባ ወይም ተው የሚል ምርጫ ስላላቸው እሱንም ተመልከቱ።

እኛ አሁን ወሩ ባለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን አብረን እናየዋለን። አስጠኚውም ተመልሷል። ባለፈው ወር «ልዩ ልዩ» በሚለው መስመር ላይ 340 ብር ነበር። ባለቤቴ ጣቷን አስቀመጠችበትና ቀና ብላ አየችኝ። አሰብኩ፤ አሰብኩ፤ ታክሲ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። «እሺ፤ ታክሲ ብለህ ጻፈው» አለችኝ።